የመድሃኒት ቅሪትን ከውሃ ለማውጣት የትኛው ፈሳሽ ሜምብሬን ይሻላል? መቼስ ነው ጭራሽ ሌላ ነገር መምረጥ ያለባችሁ?

ፈሳሽ ሜምብሬን ሊሞክር የተነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኢመልሽኑ ይሻላል ወይስ ሰፖርትዱ?" ብሎ ነው (ሁለቱም የፈሳሽ ሜምብሬን አይነቶች ናቸው፣ ወደ ታች እናያቸዋለን)። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ሶስተኛ ላይ ነው መምጣት ያለበት። መጀመሪያ መድሃኒቱ ምንድነው፣ ቀጥሎ ውሃው ምን ያህል ነው፣ ምን ያህልስ ወፍሯል (ማለትም መድሃኒቱ ምን ያህል በዝቶበታል) የሚለው መታወቅ አለበት፣ እነዚህ ሁለቱ ሳይመለሱ የሜምብሬን አይነት መምረጥ እግር ሳይለኩ ጫማ መግዛት ነው። እኔ ብዙ ጊዜ ያየሁት ስህተት ይሄ ነው፣ ሰው ስድስት ወር ኢመልሽን ሲያስተካክል ይቆይና መጨረሻ ላይ የያዘው መድሃኒት በዚህ መንገድ ጭራሽ የማይያዝ መሆኑን ያውቃል።

ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ፈሳሽ ሜምብሬን ማለት በሁለት ውሃዎች መሃል የቆመ ስስ የዘይት ንብርብር ነው። በአንድ በኩል የቆሸሸው ውሃ አለ፣ ፊድ እንለዋለን፣ በሌላ በኩል ደሞ መድሃኒቱን የሚሰበስበው ውሃ አለ፣ እሱ ስትሪፕ ይባላል። መድሃኒቱ ከፊዱ ወጥቶ ዘይቱ ውስጥ ይሟሟል፣ ዘይቱን አቋርጦ ስትሪፑ ጋ ይደርሳል፣ እዛ ሲደርስ ተይዞ ይቀራል። ዋናው ነገር ያለው "ተይዞ ይቀራል" የሚለው ላይ ነው። ካልተያዘ እንደሄደው ይመለሳል፣ ስራው ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆናል።

መጀመሪያ መድሃኒቱን እዩት

አይቡፕሮፌንን እንውሰድ። ደካማ አሲድ ነው፣ ፒኬኤው (ግማሹ ቻርጅ ይዞ ግማሹ ሳይዝ የሚገኝበት ፒኤች) ወደ 4.9 አካባቢ ነው። ውሃውን በአሲድ ፒኤች 3 አካባቢ ብታወርዱት 99 በመቶ የሚሆነው ቻርጅ የሌለው ይሆናል፣ ቻርጅ የሌለው ደሞ ዘይት ይወዳል፣ ስለዚህ ወደ ሜምብሬኑ ይገባል። ወዲያ ማዶ ስትሪፑ ውስጥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ጠንካራ ቤዝ ይጠብቀዋል፣ እንደነካው ሶዲየም ጨው ይሆናል፣ ጨው ደሞ ዘይት ውስጥ አይገባም፣ መመለሻ የለውም። በቃ ይሄ ነው ሚስጥሩ። የተያዘው መድሃኒት በሌላ መልክ ስለሆነ ያለው፣ ስትሪፑ ውስጥ ያለው መጠን ከፊዱ አስርና ሃያ እጥፍ ቢበልጥም ጉዞው አይቆምም፣ ቤዙ እስካላለቀ ድረስ ይቀጥላል።

ዳይክሎፌናክም እንደዚሁ ነው፣ ፒኬኤው 4 ገደማ ነው፣ ፒኤች 7 ላይ ቻርጅ የሌለው ክፍሉ አንድ በመቶ እንኳን አይሞላም፣ ስለዚህ አሲድ ሳይጨመር ተራ ዘይት ብቻውን አይነካውም። ናፕሮክሲንና ኬቶፕሮፌንም እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። ለነዚህ ፈሳሽ ሜምብሬን በደንብ ይሰራል።

ካርባማዘፒን ግን ሌላ ነው። የሚጥል በሽታ መድሃኒት ነው፣ በተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ እንደገባ የሚወጣ ስለሆነ በጣም የታወቀ ነው፣ ባክቴሪያዎቹ አይበሉትም። ችግሩ በተለመደው የፒኤች ክልል ውስጥ ቻርጅ አይዝም። ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ግን ማዶ የሚይዘው ነገር የለም፣ በሁለቱም በኩል እኩል ሲሆን ይቆማል። ስለዚህ የምታሳድዱት ካርባማዘፒን ከሆነ እዚህ ጋ አቁሙና ወደ አክቲቭ ካርቦን ወይም ወደ ኦዞን ሂዱ፣ ሁለቱም በደንብ ይሰሩለታል።

አንቲባዮቲኮቹ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቴትራሳይክሊን መሃል ላይ ያሉ ናቸው። ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም ቻርጅ አብረው ስለሚይዙ በየትኛውም ፒኤች ብታስቀምጧቸው ከሞላ ጎደል ቻርጅ አያጡም። እነሱን ለማሻገር ካሪየር ያስፈልጋል፣ ማለትም ዘይቱ ውስጥ ሆኖ መድሃኒቱን ጎትቶ የሚያስገባ ሞለኪውል። ይሰራል፣ ግን ማስተካከሉ ጊዜ ይፈልጋል። እንደ አዮፕሮማይድ ያሉ የኤክስሬይ ኮንትራስት መድሃኒቶች ደሞ ውሃ ወዳድነታቸው ከባድ ስለሆነ ለዚህ ስራ አልመክራቸውም።

ቀጥሎ ውሃውን

ብዙ ወረቀት ላይ የማይነገረው ሂሳብ እዚህ ጋ ነው። ፒኤችን ወደ 3 ማውረድ ቢከር ውስጥ ሁለት ጠብታ ነው፣ ማጣሪያ ጣቢያ ላይ ግን አይደለም። ተራ የከተማ ፍሳሽ ውስጥ ባይካርቦኔት አለ፣ እንበል አልካሊኒቲው (አሲድ የመዋጥ አቅሙ) በሊትር 4 ሚሊኢክዊቫለንት ቢሆን እሱን ለመጨረስና ፒኤች 3 ላይ ለመድረስ ለአንድ ሜትር ኪዩብ 5 ሞል ያህል አሲድ ይፈልጋል፣ ይሄ ደሞ ከወፍራሙ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 0.4 ሊትር ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? በቀን 10,000 ሜትር ኪዩብ ለሚያልፍበት ጣቢያ ሲባዛ በቀን ከ4,000 ሊትር በላይ ወፍራም አሲድ ነው፣ ከዛ ውሃው ወደ ወንዝ ከመሄዱ በፊት እንደገና በቤዝ መመለስ አለበት፣ ይሄ ሁሉ በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም መድሃኒት ለማውጣት! አያዋጣም። በቀን 2 ሜትር ኪዩብ ለሚያወጣ መስመር ግን ያው አሲድ ከአንድ ሊትር በታች ነው።

ስለዚህ የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ፈሳሽ ሜምብሬን ትንሽና ወፍራም ለሆነ ውሃ ነው፣ ምንጩ አጠገብ። የመድሃኒት ፋብሪካ የማጠቢያ ውሃ፣ የላብራቶሪ ቆሻሻ፣ ተለይቶ የተሰበሰበ የሆስፒታል መስመር። እንደዚህ አይነት ወፍራም ውሃ አለ ወይ ለሚል፣ ህንድ ውስጥ ሃይደራባድ አጠገብ ፓታንቸሩ የሚባል ቦታ ወደ 90 የሚሆኑ የመድሃኒት አምራቾችን ፍሳሽ የሚቀበል ማጣሪያ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ከዛ የሚወጣው ውሃ ውስጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም አግኝቷል። ልብ በሉ፣ ይሄ ከማጣሪያው የወጣ ውሃ ነው። እንደዚህ አይነት ቦታ ላይ የከተማ ፍሳሽ እስኪሆን ጠብቆ በብዙ ውሃ ከቀጠነ በኋላ ማሳደድ ስራን ሺ ጊዜ ማክበድ ነው።

አሁን አይነቶቹ

በልክ (bulk፣ ጅምላ እንደማለት) ሜምብሬንን ቶሎ ልለፈው። ሁለት ውሃዎች በግድግዳ ተለያይተው ከስራቸው እንደ ክሎሮፎርም ያለ ከባድ ሶልቨንት (ማሟሟያ ፈሳሽ) ሁለቱንም ይነካል፣ ቀስ ብሎ ይማሰላል፣ መድሃኒቱ በሶልቨንቱ በኩል ያልፋል። መነካኪያው ስፋት ትንሽ ስለሆነ ሰዓታት ይፈጃል። የትኛው ካሪየር ይሰራል የሚለውን ለመለየት ጥሩ ነው፣ ርካሽም ነው፣ ከዛ ውጪ ለእውነተኛ ውሃ አይሆንም።

ኢመልሽን ሜምብሬን ላይ ግን ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚመርጠው እሱን ስለሆነ። ሃሳቡን ያመጣው ኖርማን ሊ ነው፣ ፓተንቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ወጣ። አሰራሩ እንዲህ ነው፦ ስትሪፑን ዘይት ውስጥ ከሰርፋክታንት ጋር (ጠብታዎቹ መልሰው እንዳይገጣጠሙ የሚያደርግ ሳሙና መሰል ነገር፣ አብዛኛው ሰው ስፓን 80 ነው የሚጠቀመው) በሆሞጂናይዘር በደቂቃ በብዙ ሺ ዙር ትመቱታላችሁ፣ ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ወተት የመሰለ ነገር ይሆናል። ውስጡ ያሉት የስትሪፕ ጠብታዎች ከ1 እስከ 10 ማይክሮን ናቸው። ከዛ ይሄን ነጭ ነገር ፊዱ ውስጥ ጨምራችሁ ቀስ ብላችሁ ስታማስሉት ሚሊሜትርና ከዛ በታች የሆኑ ኳሶች ሆኖ ይበተናል፣ እያንዳንዱ ኳስ በውስጡ እልፍ ጠብታ ይዟል። የመነካኪያው ስፋት ሰማይ ነው፣ ለዚህ ነው ሌላው ሰዓታት የሚፈጅበትን ይሄ በ5 ወይም በ10 ደቂቃ የሚጨርሰው።

የማጠራቀም አቅሙን በቁጥር እንየው። 10 ሊትር ውሃ በሊትር 10 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ይዟል እንበል፣ 1 ሊትር ኢመልሽን ጨመራችሁ፣ ግማሹ ስትሪፕ ነው። 95 በመቶው ከተያዘ 95 ሚሊግራም በግማሽ ሊትር ውስጥ ተከማቸ፣ በሊትር 190 ሚሊግራም ማለት ነው፣ 19 እጥፍ። ሌላ ማሽን ሳይኖር በአንድ ማማሰያ!

ታዲያ ለምን ሁሉም አይጠቀምበትም? ሁለት በሽታ አለበት። አንዱ መሰበር ነው፣ ኳሶቹ ፈንድተው የሰበሰባችሁትን መልሰው ይደፉታል፣ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ጋር። ፈጥኖ ማማሰል ያባብሰዋል፣ ሰርፋክታንት ማነስ ያባብሰዋል፣ ብዙ መቆየትም ያባብሰዋል፣ ስለዚህ የ10 ደቂቃ ውጤት ከ30 ደቂቃው በልጦ ብታገኙት አትደነቁ፣ ቶሎ ማቆም መልካም ነው። ሁለተኛው ማበጥ ነው፣ ስትሪፑ ጨው ስለበዛበት በኦስሞሲስ ውሃ ይስባል፣ ኢመልሽኑ ይወፍራል፣ የሰበሰባችሁት ይቀጥናል። ሰርፋክታንት ስትጨምሩ መሰበሩ ይቀንሳል ማበጡ ግን ይብሳል፣ ደሞም መጨረሻ ላይ ኢመልሽኑን ፈልቅቆ ዘይቱን ለመመለስ (በሙቀት ወይም በኤሌክትሪክ ፊልድ ነው የሚፈለቀቀው) ስራው ይከብዳል። ይሄ ገመድ ጉተታ ነው፣ ሚዛኑን ለየራሳችሁ ውሃ መፈለግ ግድ ነው።

ግን የማይቻል አይደለም። ኦስትሪያ ውስጥ ሌንዚንግ የሚባለው የቪስኮስ ፋይበር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዚንክን ከፍሳሹ በኢመልሽን ሜምብሬን ያወጣ ነበር፣ በፋብሪካ ደረጃ። ለመድሃኒት ግን አብዛኛው ስራ እስካሁን ላብራቶሪ ውስጥ ነው ያለው፣ ይሄን አውቃችሁ ግቡ።

ሰፖርትድ ሜምብሬን ደሞ ዘይቱን በቀዳዳማ ፕላስቲክ ውስጥ ያስጠጣል። ፖሊፕሮፕሊን፣ ፒቪዲኤፍ ወይም ቴፍሎን ይሆናል፣ ውፍረቱ በአስሮች ማይክሮን እስከ መቶና ከዛ በላይ ነው፣ ዘይቱን ቀዳዳው ውስጥ የሚይዘው ካፒላሪ ሃይል ብቻ ነው። የሚፈልገው ዘይት በጣም ጥቂት ስለሆነ ውድ ካሪየር ለመጠቀም ይመቻል፣ ኢመልሽን መስራትና መፈልቀቅም የለም። ድክመቱ ዘይቱ ቀስ በቀስ እየታጠበ ይወጣል፣ አንዳንዱ በሰዓታት አንዳንዱ በሳምንታት። እዚህ ጋ ማንም የማያነሳላችሁን ልንገራችሁ፣ የሆስፒታል ፍሳሽ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ዲተርጀንትና የማጽጃ ኬሚካል አለ፣ ዲተርጀንት ደሞ ያንን የካፒላሪ ሃይል ነው የሚያዳክመው። በንጹህ ውሃ ሁለት ሳምንት የቆየ ሜምብሬን በእውነተኛ ፍሳሽ በአንድ ቀን ሊደርቅ ይችላል። ኢመልሽኑንም ዲተርጀንት ያውከዋል፣ ግን ኢመልሽን በየዙሩ እንደ አዲስ ስለሚሰራ ጉዳቱ ያንሳል።

ሆሎው ፋይበር ከዚሁ ቤት ነው፣ ጠፍጣፋ ሳይሆን እንደ ቀጫጭን ስትሮ የተደረደረ። ትንሽ ሞጁል ውስጥ ብዙ ስፋት ስለሚይዝ ፍጥነቱ ጥሩ ነው፣ ስትሪፑን ዘይት ውስጥ በትኖ በፋይበሩ አንድ ጎን ማዞር ደሞ የታጠበውን ዘይት እየተካ እድሜውን ያራዝመዋል። ለረጅም ጊዜ ቀጣይ ስራ ከዘይት ሜምብሬኖች ውስጥ እኔ የማምነው ይሄን ነው። ጭቃና ቃጫ ያለበት ውሃ ግን ይዘጋዋል፣ ቀድሞ ማጣራት ግድ ነው።

ፖሊመር ኢንክሉዥን ሜምብሬን ፈሳሽነቱ በስም ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ፒቪሲ ወይም ሴሉሎስ ትራይአሴቴት ከካሪየር (ብዙ ጊዜ አሊኳት 336) እና ከፕላስቲሳይዘር (ፕላስቲኩን ከሚያለሰልስ ነገር) ጋር በሶልቨንት ይሟሟና መስታወት ላይ ቀለበት ውስጥ ይፈሳል፣ ተከድኖ ያድራል፣ ጠዋት በጠርዙ በኩል በውሃ ረጠብ አድርጋችሁ ስትልጡት የሚለጠጥ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ሆኖ ይነሳል። ካሪየሩ ፖሊመሩ ውስጥ ስለተጠላለፈ ከሰፖርትዱ በጣም ይቆያል። ዋጋው ፍጥነት ነው፣ ዘገምተኛ ነው። አንድ ምክር፣ ስትሪፓችሁ ጠንካራ ቤዝ ከሆነ ሴሉሎስ ትራይአሴቴት አትጠቀሙ፣ ቤዝ ይበላዋል፣ ፒቪሲ ውሰዱ ወይም ስትሪፑን ወደ ጨው ውሃ ቀይሩት። ካሪየሩ አሊኳት ሲሆን የጨው ውሃ ራሱ ይሰራል፣ ክሎራይድ ወደዚህ ሲመጣ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው መድሃኒት ወደዛ ይሄዳል፣ ፒኤችም ሳይወርድ። የአሲዱን ወጪ የሚያስቀር መንገድ ይሄ ነው። ውሃው ውስጥ ያሉ ሌሎች ኔጌቲቭ ነገሮች ግን ቦታ ይሻሙበታል።

ዘይቱ ራሱ ቆሻሻ እንዳይሆን

ይሄ የሚያናድደኝ ነገር ነው። መድሃኒት እናወጣለን ብለን ኬሮሲን፣ ሄክሴን፣ ዳይክሎሮኢቴን ውሃ ውስጥ ከተውን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። አሊኳት 336 ራሱ የውሃ ውስጥ ፍጥረትን የሚጎዳ ኬሚካል ነው። ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጡ የታከመው ውሃ ውስጥ መድሃኒቱን ብቻ ሳይሆን የቀረውን ዘይትና ካሪየርም ለኩ፣ ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን ከመጀመሪያው ከፍ ብሎ ካገኛችሁት ጸዳ አትበሉ። የሱፍ ዘይትና የመሳሰሉት በሶልቨንት ፋንታ ይሰራሉ፣ ወፈር ስለሚሉ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ በጠንካራ ቤዝም ወደ ሳሙናነት ሊሄዱ ይችላሉ፣ ሶዲየም ካርቦኔት ስትሪፕ ይሻላቸዋል። እኔ ትንሽ ዘግይቶ ንጹህ የሚሆነውን እመርጣለሁ።

ከካርቦን፣ ከኦዞንና ከሪቨርስ ኦስሞሲስ ጋር ሲወዳደር

ለብዙ ውሃና ለቀጭን ቅሪት ፈሳሽ ሜምብሬን አይወዳደርም። የዱቄት አክቲቭ ካርቦን በሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም አካባቢ እየተጨመረ የሚሰራባቸው የከተማ ጣቢያዎች አሉ። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የተመረጡ ጣቢያዎች ማይክሮፖሉታንትን (እንደ መድሃኒት ቅሪት በጣም በትንሽ መጠን ያሉ በካዮችን) 80 በመቶ እንዲያወጡ በህግ ታስገድዳለች፣ የአውሮፓ ህብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 ተመሳሳይ ህግ አውጥቷል፣ ከወጪው ቢያንስ 80 በመቶውን የመድሃኒትና የኮስሞቲክስ አምራቾች እንዲሸፍኑም ይላል። እዛ ሁሉ የሚመረጠው ካርቦን ወይም ኦዞን ነው። ኦዞን ዳይክሎፌናክንና ካርባማዘፒንን በፍጥነት ይሰብራል፣ አይቡፕሮፌን ላይ ግን ደካማ ነው፣ ውሃው ብሮማይድ ካለው ደሞ ብሮሜት የሚባል ጎጂ ነገር ይፈጠራል። ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በጠባብ ሜምብሬን ማሳለፍ) ሁሉንም ማለት ይቻላል ያቆማል፣ ግን የውሃው የተወሰነ ክፍል ቆሻሻውን ሁሉ ይዞ ይቀራል፣ ያንን የት ትደፉታላችሁ?

ፈሳሽ ሜምብሬን ከነሱ የሚበልጠው ወፍራም ውሃ ላይ ነው። ካርቦን እዛ ቶሎ ይሞላል፣ ኦዞን ይበዛበታል፣ ሜምብሬኑ ግን መድሃኒቱን ሳይሰብር ሰብስቦ ይሰጣችኋል፣ ፋብሪካ ከሆናችሁ መልሳችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። መልሳችሁ የማትጠቀሙበት ከሆነ ግን ስትሪፑ የት እንደሚሄድ ከመጀመሪያው ቀን እቅድ ይኑራችሁ፣ ማቃጠል ወይም ኦክሲዴሽን፣ ምክንያቱም ሜምብሬን ይለያል እንጂ አያጠፋም።

ደሞ ብቻውን አይበቃም። በሊትር 30 ሚሊግራም የነበረ አንቲባዮቲክ 99 በመቶ ወጣለት ማለት 300 ማይክሮግራም ቀረ ማለት ነው፣ ይሄ አሁንም ብዙ ነው። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ተመራማሪዎች የወሊድ መከላከያ ክኒን ውስጥ ያለውን ሆርሞን ወደ አንድ የሙከራ ሃይቅ በሊትር 5 እና 6 ናኖግራም ያህል ጨምረው አይተዋል፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ እዛ የነበረው ፋትሄድ ሚኖ የሚባል ትንሽ አሳ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ናኖግራም! ስለዚህ ሜምብሬኑ ከፊት ሆኖ ክብደቱን ያቃልል፣ ከኋላው ካርቦን ይከተል፣ ካርቦኑም ብዙ ይቆያል።

እኔ ብሆን

ፋብሪካ ሆኜ ወፍራምና አሲዳዊ መድሃኒት ያለበት የማጠቢያ ውሃ በባች (በየዙሩ ተጠራቅሞ) የሚመጣልኝ ከሆነ ኢመልሽን። በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚመጣና ቀድሞ የተጣራ ከሆነ ሆሎው ፋይበር። ውሃው ትንሽ ሆኖ ጊዜ ካለኝ፣ ወይም ቀጭን ቅሪትን ለመለካት ናሙና ማጠራቀም ከሆነ የምፈልገው ፖሊመር ኢንክሉዥን፣ ለዚህ ከሁሉም እሱ ይበልጣል። ካርባማዘፒን ወይም የከተማ ፍሳሽ ከሆነ የትኛውንም አልነካም፣ ካርቦን ነው የማስገባው።

ከመወሰናችሁ በፊት ለሙከራ ስትቀመጡ አንድ ነገር እንዳይሸውዳችሁ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በአሲድ ውሃ ውስጥ መሟሟታቸው በጣም ይቀንሳል፣ ዳይክሎፌናክማ በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነው። እኔ አንዴ ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊግራም በሊትር አዘጋጅቼ አሲድ ስጨምርበት ውሃው ደመና ለበሰ፣ ትኩረት ሳልሰጠው ኢመልሽኑን ጨምሬ፣ ናሙናውን በፊልተር አሳልፌ ለካሁና 96 በመቶ ወጣ ብዬ ተደሰትኩ። በማግስቱ ጓደኛዬ "ያለ ኢመልሽን አድርገሽው ታውቂያለሽ?" አለኝ። አደረግኩት። አሲድ ብቻ የተጨመረበት ቢከር ከፊልተር በኋላ 90 በመቶ "ወጥቶለት" ነበር፣ "የወጣው" መድሃኒት ፊልተሩ ላይ ነጭ ዱቄት ሆኖ ተቀምጧል። ስለዚህ ሁሌም ኢመልሽን የሌለበት፣ አሲዱ ብቻ ያለበት ቢከር ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ስትሪፑንም ፈልቅቃችሁ ለኩት፣ ከፊዱ የጠፋው ሚሊግራም ስትሪፑ ውስጥ ካልተገኘ የት እንደሄደ ሳታውቁ ምንም አትግዙ።